«ተመስገን» የሚሸፍነው ሕመም፦ ከኩላሊት ንቅለ ተከላ በኋላ የሚዘገዩ ምልክቶችና አያያዛቸው

መግቢያ

በ1954 እ.ኤ.አ. ማብቂያ ላይ በአሜሪካ በቦስተን ከተማ በዶክተር ጆሴፍ መሪ የተመራ የቀዶ ሕክምና ቡድን የአንዱን መንታ ኩላሊት ለሌላው መንታ ወንድሙ በመትከል የመጀመሪያውን ስኬታማ የኩላሊት ንቅለ ተከላ አከናወነ። ወንድማማቾቹ ፍጹም ተመሳሳይ መንትዮች ስለነበሩ የተቀባዩ ሰውነት አዲሱን ኩላሊት እንደ ባዕድ አልቆጠረውም። ከመንትዮች ውጭ ላሉ ሕሙማን ግን ነገሩ እንዲህ ቀላል አልነበረም። ሰውነት የራሱ ያልሆነውን አካል ለይቶ ስለሚያጠቃ፣ ንቅለ ተከላ ለብዙኃኑ የሚሆን ሕክምና እስኪሆን ድረስ የሰውነትን የመከላከል ኃይል የሚያለዝቡ መድኃኒቶች መገኘት ነበረባቸው። በ1980ዎቹ ሳይክሎስፖሪን፣ በ1990ዎቹ ደግሞ ታክሮሊመስ በሥራ ላይ ሲውሉ የተተከሉ ኩላሊቶች ዕድሜ እየተሻሻለ መጣ። ከዚህ ጋር ግን ንቅለ ተከላ የአንድ ቀን ቀዶ ሕክምና መሆኑ ቀርቶ ዕድሜ ልክ የሚዘልቅ ሕክምና ሆነ።

በኢትዮጵያ አገልግሎቱ የተጀመረው በመስከረም 2008 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ፣ ከሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ጋር በተፈጠረ ትብብር ነው። ከዚያ በፊት አቅሙ ያለው ወይም ወገን የደረሰለት ሕመምተኛ ወደ ሕንድና ወደ ሌሎች አገሮች ይሄድ ነበር። የቀረው በኩላሊት እጥበት ይቆይ ነበር፤ እጥበቱም ሲቋረጥ ሕይወቱ ያልፍ ነበር። በአገር ውስጥ በተጀመረው አገልግሎት ኩላሊት የሚለግሰው በአብዛኛው በሕይወት ያለ ዘመድ ነው። እናት ለልጅ፣ እህት ለወንድም፣ ወንድም ለእህት ይሰጣል። ይህ እውነታ ከዚህ በታች ለሚነሣው ጉዳይ መሠረት ነው።

ይህ አጭር ጽሑፍ የሚያተኩረው ንቅለ ተከላው ከተሳካ በኋላ በሚቀሩና በሚዘገዩ ምልክቶች ላይ ነው። ድካም፣ የእጅ መንቀጥቀጥ፣ እንቅልፍ ማጣት፣ የሆድ መታወክ፣ የመልክ መለወጥና የመንፈስ መረበሽ ከእነዚህ ዋና ዋናዎቹ ናቸው። የጽሑፉ መከራከሪያ አንድ ነው። እነዚህ ምልክቶች አብዛኛውን ጊዜ ሊቀነሱ ወይም ሊያዙ የሚችሉ ሲሆኑ፣ ተቀባዩን ለአደጋ የሚያጋልጠው ብዙ ጊዜ ምልክቱ ራሱ ሳይሆን ስለ ምልክቱ የሚደረገው ዝምታ ነው። ዝምታውም ከቸልተኝነት ሳይሆን ከምስጋና የሚወለድ ነው።

የምልክቶቹ ምንጮች

ከንቅለ ተከላ በኋላ የሚሰማ ሕመም ሁሉ አንድ ምንጭ የለውም። አያያዙም እንደ ምንጩ ስለሚለያይ ምንጮቹን ለይቶ ማወቅ የመጀመሪያው ደረጃ ነው።

የመጀመሪያው ምንጭ ቀድሞ የነበረው የኩላሊት ድክመት ነው። በሳምንት 3 ጊዜ፣ በእያንዳንዱ ጊዜ ለ4 ሰዓት ያህል በእጥበት ማሽን የቆየ ሰው ጡንቻው ሳስቷል፤ አጥንቱና ልቡም ተጎድተው ሊሆን ይችላል። አዲሱ ኩላሊት ደሙን በማጥራቱ ማሳከክና ማቅለሽለሽ በአጭር ጊዜ ይቀንሳሉ፤ የጡንቻ ጉልበት ግን በወራት እንጂ በቀናት አይመለስም። በአንገት ያሉት የፓራታይሮይድ ዕጢዎች በሕመሙ ዘመን ከመጠን በላይ መሥራት ለምደው ከሆነ፣ ኩላሊቱ ከተተካ በኋላም በዚያው ሊቀጥሉና የአጥንት ሕመም ሊያስከትሉ ይችላሉ።

ሁለተኛው ምንጭ ቀዶ ሕክምናው ነው። አዲሱ ኩላሊት የሚቀመጠው በጀርባ በኩል በነባሮቹ ቦታ ሳይሆን ከሆድ በታች በአንዱ ጎን ነው፤ ነባሮቹም አብዛኛውን ጊዜ ባሉበት ይተዋሉ። በቁስሉ ዙሪያ መደንዘዝና የመጎተት ስሜት ለወራት ሊቆይ ይችላል። በመጀመሪያዎቹ ከ6 እስከ 8 ባሉት ሳምንታት ከባድ ነገር እንዳይነሣ የሚመከረውም የተሰፋው የሆድ ግድግዳ እስኪጠና ድረስ ነው።

ሦስተኛውና ረጅሙ ምንጭ መድኃኒቱ ነው። በብዙ የሕክምና ማዕከላት የተለመደው ጥምረት ታክሮሊመስ፣ ማይኮፌኖሌትና ፕሬድኒሶሎን ነው። ታክሮሊመስ የእጅ መንቀጥቀጥ፣ ራስ ምታት፣ እንቅልፍ ማጣት፣ የጸጉር መሳሳት፣ የደም ግፊትና የስኳር መጠን መጨመር ሊያስከትል ይችላል። ማይኮፌኖሌት ተቅማጥና የሆድ ቁርጠት ያመጣል፤ የነጭ ደም ሕዋሳትንም ቁጥር ሊቀንስ ይችላል። ፕሬድኒሶሎን የምግብ ፍላጎትን ይጨምራል፤ ፊትን ያሞላል፤ ብጉር ያወጣል፤ ስሜትን ያለዋውጣል፤ በረጅም ጊዜም አጥንትን ያሳሳል።

አራተኛው ምንጭ አዲስ የሚመጣ ሕመም ነው። የመከላከል ኃይሉ የተቀነሰ ሰው ለልዩ ልዩ ቫይረሶች፣ ለሳንባ ነቀርሳና ለሽንት ቧንቧ ብግነት ይበልጥ ተጋላጭ ይሆናል። ተራ ድካም የሚመስለው ነገር የደም ማነስ፣ የቫይረስ ማንሰራራት ወይም ኩላሊቱን ሰውነት መግፋት መጀመሩ ሊሆን ይችላል። እንግዲህ «ድካም» የሚለው አንድ ቃል ብቻውን ምንጩን አይገልጥም።

ምስጋና እንዴት ዝምታን ይወልዳል

በኢትዮጵያውያን ዘንድ ለ«እንዴት ነህ?» የሚሰጠው መልስ «እግዚአብሔር ይመስገን» ወይም «አልሐምዱሊላህ» ነው። ይህ መልስ ጨዋነትም እምነትም ነው። ጠያቂውም ቢሆን ዝርዝር አይጠብቅም። በሐኪም ፊት ሲሰነዘር ግን ችግር አለው፤ ሰላምታው በምርመራው ቦታ ይተካልና።

በንቅለ ተከላ ተቀባዮች ዘንድ ደግሞ ይህ ልማድ ሦስት እጥፍ ይከብዳል። አንደኛ፣ ኩላሊቱን የሰጠው ዘመድ በአብዛኛው እዚያው ቤት ውስጥ ይኖራል ወይም ዘወትር ይጠይቃል። ከገዛ አካሏ ከፍላ በሰጠች እህት ፊት «እንቅልፍ አጣሁ፤ እጄ ይንቀጠቀጣል» ማለት ስጦታዋን ማቃለል መስሎ ይሰማል። ሁለተኛ፣ የሕክምናው ወጪ ብዙ ጊዜ የተሸፈነው በዘመድ፣ በዕድርተኛ፣ በሥራ ባልደረባና በውጭ አገር በሚኖር ወገን መዋጮ ነው፤ ሕመምተኛው የብዙ ሰው ውለታ ያለበት ሆኖ ይመለሳል። ሦስተኛ፣ በእጥበት ላይ የቀሩ የሕመም ጓደኞቹን እያሰበ የሚያማርር ተቀባይ ራሱን እንደ ውለታ ቢስ ይቆጥራል።

በዚህ ላይ የአካባቢው ዓይን የተሳሳተ ምስክርነት ይሰጣል። ፕሬድኒሶሎን ያሞላውን ጉንጭ ያየች ጎረቤት «ወፈርሽ፣ አማረብሽ፣ ተስማማሽ» ትላለች። በብዙ ቤት ውፍረት የጤና ምልክት ተደርጎ ስለሚቆጠር፣ የመድኃኒቱ ጉዳት እንደ መዳን ይመሰገናል። በመስተዋት ፊት የራሷ መልክ እንግዳ የሆነባት ወጣት ሐዘኗን የምታካፍለው ሰው ታጣለች። በተመሳሳይም ቡና ስትቀዳ እጇ ስኒው ላይ የሚንቀጠቀጥባት እናት ቀስ በቀስ ቡና ማፍላቱን ለልጇ ትተዋለች። ቤተሰቡ እንድታርፍ የፈለገች ይመስለዋል፤ እርሷ ግን የሸሸችው የሰው ዓይን ነው። የዝምታው ዋጋ በመጀመሪያ የሚታየው በእንዲህ ያለው ከሰው መራቅ ነው።

የዝምታው አደጋ

ያልተነገረ ምልክት ሳይታከም ይቀራል፤ ያልታከመ ምልክት ደግሞ ሕመምተኛውን የራሱ ሐኪም ወደ መሆን ይገፋዋል። ይህ በሁለት መንገድ ይፈጸማል።

የመጀመሪያው መንገድ መድኃኒቱን በራስ ፈቃድ መቀነስ ነው። እጁ የሚንቀጠቀጥበት ሰው ታክሮሊመሱን፣ ሆዱ የሚታወክበት ማይኮፌኖሌቱን፣ ፊቱ ያበጠበት ፕሬድኒሶሎኑን መዝለል ይጀምራል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚሰማው ጉዳት የለም፤ እንዲያውም ይሻለዋል። አሳሳቹም ይህ ነው። ሰውነት ኩላሊቱን መግፋት ሲጀምር ብዙ ጊዜ ሕመም አይሰማም፤ በደም ምርመራ የክሬያቲኒን መጠን ሲጨምር ብቻ ይታወቃል። ለወራት የተወሰደን ፕሬድኒሶሎን በድንገት ማቆም ደግሞ ከዚህ የተለየ አደጋ አለው። ሰውነት የራሱን ተመሳሳይ ሆርሞን ማመንጨት ስላቆመ የደም ግፊት መውረድና ብርቱ መዛል ሊያስከትል ይችላል።

ሁለተኛው መንገድ ለምልክቱ ሌላ መድኃኒት ከመድኃኒት ቤት መግዛት ነው። ለወገብ ሕመም የሚወሰዱት ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ወደ ኩላሊት የሚገባውን የደም ፍሰት ስለሚቀንሱ አዲሱን ኩላሊት ይጎዳሉ። እንደ ኤሪትሮማይሲንና ክላሪትሮማይሲን ያሉ ፀረ ባክቴሪያዎች፣ እንደ ፍሉኮናዞልና ኬቶኮናዞል ያሉ የፈንገስ መድኃኒቶች የታክሮሊመስን መጠን በደም ውስጥ ከፍ ያደርጋሉ። በአንጻሩ ለሳንባ ነቀርሳ የሚሰጠው ሪፋምፒሲን መጠኑን ክፉኛ ዝቅ ያደርገዋል። የሳንባ ነቀርሳ በብዛት በሚገኝበት አገር ይህ መስተጋብር በንድፈ ሐሳብ ብቻ የሚታወቅ ነገር አይደለም፤ የነቀርሳ ሕክምና የሚጀምር ተቀባይ የንቅለ ተከላ ሐኪሙ አስቀድሞ ማወቅ አለበት።

ምልክቶቹን መያዝ

ድካም። ድካም የሚታከመው ምንጩ ከተፈለገ በኋላ ነው። የደም ማነስ፣ የእንቅልፍ ጉድለት፣ የማግኒዥየም ማነስ፣ ተላላፊ በሽታና የመንፈስ ጭንቀት በየተራ መመርመር አለባቸው። እነዚህ ከተለዩ በኋላ የሚቀረው ድካም በዕረፍት ብቻ አይለቅም፤ የሳሳ ጡንቻ የሚመለሰው በእንቅስቃሴ ነውና። በሐኪም ፈቃድ በቀን ለጥቂት ደቂቃ በእግር መሄድ ጀምሮ በየሳምንቱ ማራዘም፣ ከባዱን ሥራ ጉልበት ባለበት ሰዓት ማድረግ፣ ቀሪውን ለቤተሰብ ማካፈል ይጠቅማል። በቤተሰቡ በኩል «አትነሣ፣ አትንካ» የሚለው ርኅራኄ ከቁስሉ መዳን በኋላ ሲቀጥል ድካሙን ያረዝመዋል።

የእጅ መንቀጥቀጥ። መንቀጥቀጡ ብዙውን ጊዜ ከታክሮሊመስ መጠን ጋር የተያያዘ ሲሆን፣ መጠኑ ከመጀመሪያዎቹ ወራት በኋላ በሐኪም ሲቀነስ አብሮ ይቀንሳል። የመድኃኒቱ መጠን በደም የሚለካው የጠዋቱ ከመዋጡ በፊት ነው። በክትትል ቀን መድኃኒቱን ውጦ የመጣ ሕመምተኛ ውጤቱ ከእውነቱ ከፍ ብሎ ስለሚታይ ሐኪሙ መጠኑን ያለአግባብ ሊቀንስ ይችላል። ስለዚህ በክትትል ቀን መድኃኒቱን በእጅ ይዞ መጥቶ ደም ከተሰጠ በኋላ መዋጥ ይገባል።

ተቅማጥ። ተቅማጥ የያዘው ሰው መድኃኒቱ ታጥቦ የወጣ መስሎት ተጨማሪ ሊወስድ ይችላል። በታክሮሊመስ ረገድ የሚሆነው ግን ብዙ ጊዜ ተቃራኒው ነው፤ በታወከ አንጀት ውስጥ መድኃኒቱ በሚገባ ስለማይፈርስ ወደ ደም የሚገባው መጠን ይጨምራል። ከዚህ ጋር የውኃ ማነስ ሲደመር ኩላሊቱ ይጎዳል። ከአንድ ቀን በላይ የቆየ ተቅማጥ ለሕክምና ቡድኑ መነገር አለበት።

እንቅልፍና ስሜት። ፕሬድኒሶሎን ማታ ከተወሰደ እንቅልፍ ይነሣል፤ ስለዚህ በጠዋት ከምግብ ጋር እንዲወሰድ ይመከራል። ቁጣ፣ ያለምክንያት ማልቀስ ወይም ያልተለመደ ደስታ ከመድኃኒቱ ሊመጣ እንደሚችል ቤተሰቡ አስቀድሞ ካወቀ፣ የጠባይ መለወጥ ተብሎ አይወቀስም። ኩላሊቱ ይበላሻል የሚል የማያቋርጥ ፍርሃትና ለለጋሹ የሚሰማ የባለዕዳነት ስሜት ግን በመድኃኒት ማስተካከል ብቻ አይፈቱም፤ የምክር አገልግሎት ይሻሉ። ለጋሹና ተቀባዩ በአንድነት የሚያደርጉት ግልጽ ውይይት ይረዳል። የለጋሹ ፍላጎት የምስጋና ብዛት ሳይሆን የሰጠው ኩላሊት ተጠብቆ መቆየቱ ነውና።

እምነት፣ ጾምና ማዕድ

ታክሮሊመስ በአብዛኛው በየ12 ሰዓቱ፣ ለምሳሌ ከጠዋቱ 2 ሰዓትና ከምሽቱ 2 ሰዓት፣ ይወሰዳል። እስከ ቀኑ 9 ሰዓት የሚጾም ክርስቲያን የጠዋቱን መድኃኒት ሊያሳልፍ ይችላል፤ በረመዳን ወር የሚጾም ሙስሊምም የመድኃኒቱ ሰዓት ይዛባበታል። ሁለቱም እምነቶች ለታመመ ሰው ከጾም ነጻ የሚሆንበትን መንገድ ያስቀምጣሉ፤ ብዙ ተቀባዮች ግን «አሁን ድኛለሁ» ብለው ራሳቸውን ከታመሙት አይቆጥሩም። ስለዚህ የንስሐ አባትንም ሆነ ኢማምን የሕክምናው ተባባሪ ማድረግ ተገቢ ነው። የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት በተስፋፋበት ዘመን ጠበልና መድኃኒት ጎን ለጎን እንዲሄዱ በቤተ ክርስቲያን አባቶች ጭምር የተሰጠው ትምህርት ለዚህም አርአያ ይሆናል። ጠበሉ የሚጠጣ ከሆነ ግን የመከላከል ኃይሉ ለተዳከመ ሰው ያልተጣራ ውኃ ያለው አደጋ ሳይሸሸግ መነገር አለበት።

በማዕድ በኩል ጥሬ ሥጋ፣ ለብለብ ክትፎ፣ ያልተፈላ ወተትና ከእርሱ የተሠራ እርጎና አይብ መተው አለባቸው። ግሬፕ ፍሩት የታክሮሊመስን መጠን ከፍ ያደርጋል። ለምች የሚጠጣ ዳማከሴም ሆነ ሌላ የባህል መድኃኒት ለሐኪም ሳይነገር አይወሰድም። በበዓል ቀን ቁርጥ ከቀረበበት ገበታ መራቅ ቀላል ባይሆንም፣ ቤተሰቡ የበሰለውን ለሁሉም አስቀድሞ ቢያቀርብ ተቀባዩ ብቻውን ከመለየት ይድናል።

ፋታ የማይሰጡ ምልክቶች

ከላይ የተዘረዘሩት ምልክቶች ለቀጣዩ የክትትል ቀን ተመዝግበው ሊቆዩ ወይም በስልክ ሊነገሩ ይችላሉ። የሚከተሉት ግን በዚያው ዕለት ወደ ሕክምና ያስኬዳሉ፦ 38 ዲግሪ ሴንቲግሬድና ከዚያ በላይ የሆነ ትኩሳት፤ የሽንት መጠን በግልጽ መቀነስ ወይም ደም መቀላቀል፤ በአንድ ቀን ውስጥ 1 ኪሎ ግራምና ከዚያ በላይ የክብደት መጨመር ወይም የእግር ማበጥ፤ ኩላሊቱ በተተከለበት ጎን ሕመም ወይም መጠንከር፤ የትንፋሽ ማጠር፤ መድኃኒቱን መዋጥ እስኪያቅት ድረስ ማስመለስ። ፕሬድኒሶሎን ትኩሳትን ሊሸፍን ስለሚችል፣ ትኩሳት ሳይኖር የሚመጣ ብርድ ብርድ ማለትና ድንገተኛ መዛልም በቸልታ አይታለፍም።

አጠያየቅን መለወጥ

ዝምታውን የመስበር ኃላፊነት በሕመምተኛው ላይ ብቻ ሊወድቅ አይገባም። በንቅለ ተከላ ተቀባዮች ዘንድ 59 ምልክቶችን በየስማቸው እየጠራ የሚጠይቅ ዓለም አቀፍ መጠይቅ አለ። የዚህ መጠይቅ ብልህነት የምልክቱን መደጋገምና የሚያስከትለውን ጭንቀት ለየብቻ መለካቱ ነው። ሐኪሙ ቀላል የሚለው የመልክ መለወጥ ለሕመምተኛው ከሁሉ የከበደ ሊሆን ይችላልና።

መጠይቁ በማይገኝበት ክሊኒክም ትምህርቱ ይሠራል። «እንዴት ነዎት?» የሚለው ጥያቄ «ተመስገን፣ ዶክተር» የሚል መልስ ይዞ ይመለሳል። «ባለፈው ሳምንት ደረጃ ሲወጡ የት ላይ ዐረፉ?» «ሌሊት ስንት ጊዜ ነቁ?» «ቡና ሲቀዱ እጅዎ እንዴት ነው?» የሚሉ ጥያቄዎች ግን በምስጋና ሊሸፈኑ አይችሉም። መድኃኒት መዝለልን በተመለከተም «ይወስዳሉ አይደል?» ከሚለው ይልቅ «ብዙ ሰው አንዳንድ ቀን ያልፈዋል፤ እርስዎ በዚህ ወር ስንት ጊዜ አለፈዎት?» የሚለው እውነቱን ያለ ኀፍረት ያወጣል። ለጋሹ ዘመድ አብሮ ሲመጣ ተቀባዩን ለጥቂት ደቂቃ ብቻውን ማነጋገርም አስፈላጊ ነው።

በሕመምተኛው በኩል ደግሞ ትንሽ ደብተር ትበቃለች። በየቀኑ ጠዋት ክብደት፣ የደም ግፊትና የሙቀት መጠን፣ የመድኃኒቱ ሰዓት፣ ከዚያም በዕለቱ ያስቸገረው አንድ ነገር ይጻፋል። በቃል መናገር ለሚያሳፍረው ሰው ደብተሯን ለሐኪሙ መዘርጋት ይቀለዋል።

ማጠቃለያ

ንቅለ ተከላ ሕመምን የሚሽር ሕክምና ብቻ ተደርጎ ሲታይ የሚቀሩት ምልክቶች እንደ ውድቀት ወይም እንደ ውለታ ቢስነት ይቆጠራሉ። ዕድሜ ልክ የሚዘልቅ ሕክምና መሆኑ ሲታወቅ ግን ምልክቶቹ ሐኪሙ መጠኑን የሚያስተካክልባቸው፣ አደጋውን ቀድሞ የሚያይባቸው መረጃዎች ይሆናሉ። በኢትዮጵያ የሚተከለው ኩላሊት በአብዛኛው የአንድ ዘመድ አካልና የብዙ ሰው መዋጮ ፍሬ ነው። ለዚህ ስጦታ የሚመጥነው ምስጋና ሕመምን መደበቅ ሳይሆን ኩላሊቱን የሚጠብቀውን ነገር ሁሉ በጊዜው መናገር ነው። «ተመስገን» የሚለው ቃል የሰላምታው መልስ ሆኖ ይቀጥል፤ በምርመራ ክፍል ውስጥ ግን ከእርሱ ቀጥሎ የሚመጣው ዓረፍተ ነገር መደመጥ አለበት።